ሞደምና ራውተር ሲጣመሩ፦ አክሰስ ፖይንት፣ ብሪጅ ወይስ ሁለት ራውተር በተከታታይ?

ሞደሙ ያለው ሳሎን ነው። ዋይፋዩ መኝታ ቤት ሲደርስ ይደክማል፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ጋ ጭራሽ አይደርስም። መፍትሔ ተብሎ አንድ ራውተር ይገዛና በገመድ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ አንዱ ስልክ ሲሠራ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ፕሪንተሩ አልገኝ ይላል፤ ነገ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ሁለቱ መሣሪያዎች የሥራ ድርሻቸው ሳይለይ ስለተያያዙ ነው።

ኦኤንቲ የሚባለው የፋይበር ሞደምም ሆነ በስልክ መስመር የሚሠራው የኤዲኤስኤል ሞደም ዛሬ ዛሬ ሦስት ሥራ ደርቦ ይሠራል። አንደኛ፣ በመስመሩ የመጣውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚያውቀው ይለውጣል። ሁለተኛ፣ የደንበኛውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይዞ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝና በቤት ውስጥ ላሉ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች አድራሻ ያድላል፤ የራውተር ሥራ የሚባለው ይኸኛው ነው። ሦስተኛ፣ ዋይፋይ ያሰራጫል። ከገበያ የሚገዛው ራውተር ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይሠራል። ዋይፋይ ከሁለት ቦታ ቢሰራጭ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የተፈለገው እሱ ነው። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ አድራሻ የሚያድለው ግን አንድ ብቻ መሆን አለበት። በአንድ ቤት ሁለት አባወራ ሲኖር የሚመጣው ግራ መጋባት እዚህም ይመጣል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች የሚለያዩትም ይህን ሥራ ለየትኛው መሣሪያ በመስጠታቸው ነው።

ለቸኮለ ሰው ውሳኔው ይኸውላችሁ። ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው ሞደሙን እንዳለ ትቶ አዲሱን ራውተር በአክሰስ ፖይንትነት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ አድርጎ ማሠራት ነው። ብሪጅ፣ ማለትም የሞደሙን የራውተር ሥራ ለአዲሱ ራውተር መስጠት፣ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ነው። ሁለት ራውተር በተከታታይ በዋናነት የሚጠቅመው ኢንተርኔቱን ከተከራይ ጋር ለሚጋራ ቤት ነው። ዋይፋይን ያለ ገመድ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሪፒተር ገመድ መዘርጋት ጨርሶ በማይቻልበት ቦታ የሚወሰድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን መጀመሪያ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ።

ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነው ወይስ ወዲህ?

መስመሩ ራሱ ከታመመ የትኛውም ራውተር አያድነውም። ይህን ሳያጣሩ ውድ ራውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ማጣሪያው ደግሞ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ የሞደሙን ጠቋሚ መብራቶች ተመልከቱ። በፋይበር ሞደም ላይ «ፖን» የሚለው መብራት ሳያቋርጥ አረንጓዴ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም ካለ ሞደሙ ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል ጋር ለመመዝገብ እየሞከረ ነው። «ሎስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በበቂ መጠን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፦ ፋይበሩ ተቆርጧል፣ በጣም ታጥፏል ወይም ጫፉ ቆሽሿል። ከሞደሙ ጀርባ የሚወጣውን ቀጭን ገመድ ተከትላችሁ ሂዱና በሶፋ እግር ሥር እንዳልተጨፈለቀ፣ በሚስማር ላይ በሹል እንዳልታጠፈ እዩ። ፋይበሩ ሲጠቀለል ክቡ ከጡጫ ባያንስ ጥሩ ነው። አረንጓዴውን የፋይበር መሰኪያ ያለምክንያት አትንቀሉት፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ምልክቱን ለማዳከም ትበቃለች። ከነቀላችሁትም ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ በውስጡ የሚያልፈው ሌዘር ለዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል።

የሞደሙን ገጽ መክፈት የምትችሉ ከሆነ በኦፕቲካል መረጃው ሥር የሚደርሰው ብርሃን መጠን ዲቢኤም በሚባለው የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። በቤቶች በብዛት በሚተከለው የጂፖን ዓይነት መስመር ይህ ቁጥር ከ-8 እስከ -27 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። -20 አካባቢ ከሆነ ምንም አትጨነቁ። -27 ላይ ከደረሰ ወይም ከዚያ ካለፈ ግን መስመሩ መቆራረጡ አይቀርም፤ መፍትሔው ባለሙያ መጥራት ነው። ኤዲኤስኤል ላይ ከሆናችሁ የምታዩት ኤስኤንአር ማርጂን የሚባለውን፣ ምልክቱ ከሁከቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየውን ነው፤ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ ይወድቃል ይነሳል። ኤዲኤስኤል ላይ አብዛኛው ችግር ቤት ውስጥ ባለው የስልክ ሽቦ ላይ ነው። የዛገ ሶኬት፣ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ፣ ስልኩንና ኢንተርኔቱን ከሚለየው ስፕሊተር በፊት የተሰካ የስልክ ቀፎ፣ እነዚህን አንድ በአንድ አስወግዱ። ከዚያ ሞደሙን ከውጭ የመጣው ሽቦ መጀመሪያ በሚያርፍበት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።

ቀጥሎ ራውተሩን ከመሐል አውጡት። ላፕቶፕ በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ሞደሙ ላን 1 ላይ (ላን የቤት ውስጥ መሣሪያ የሚሰካበት ፖርት ነው) ይሰካ፤ የላፕቶፑ ዋይፋይ ይጥፋ። በዚህ ሁኔታ ፍጥነቱን ለኩ። የምትከፍሉበትን ፓኬጅ ያህል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ከሰጠ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ወዲህ፣ ከዋይፋዩ ወይም ከራውተሩ ወገን ነው። በገመድም ካነሰ ግን ፍለጋውን እዚሁ አቁሙና ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ስትደውሉ «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ራውተር ነቅዬ በገመድ ሞክሬዋለሁ፣ ሎስ አልበራም፣ የብርሃኑ መጠን -26 ነው» ብትሉ ነገሩ ቶሎ ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል።

ችግሩ መቆራረጥ ከሆነ ፒንግ፣ ማለትም ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚለካው ትእዛዝ ይረዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ሁለት ጊዜ ክፈቱና በአንዱ የሞደሙን አድራሻ፣ በሌላው የጉግል የሆነውን 8.8.8.8ን ያለማቋረጥ ፒንግ አድርጉ። የሞደሙ አድራሻ በብዛት 192.168.1.1 ነው፤ በሁዋዌ ኦኤንቲዎች ላይ ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው፤ ትክክለኛው ከሥሩ ያለው ወረቀት ላይ ታትሟል። ሞደሙ በዋይፋይ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች እየመለሰ 8.8.8.8 ከጠፋ በሽታው መስመሩ ላይ ነው። ሞደሙ ራሱ 300 እና 400 እየዘለለ ከመለሰ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ዋይፋዩ ነው። 8.8.8.8 ሳያቋርጥ እየመለሰ ድረ ገጽ አልከፈት ካለ የዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ጉዳይ ነው፤ አድራሻ በሚያድለው መሣሪያ ላይ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ብላችሁ ሙሉትና እንደገና ሞክሩ።

ራውተሩ ቀድሞ ተገዝቶ ከተያያዘ ደግሞ አንድ ቁጥር ብዙ ይነግራችኋል፤ በራውተሩ ገጽ የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ «ዋን» (ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት የሚገባበት ወገን) ከሚለው ሥር የተጻፈው አድራሻ። 0.0.0.0 ከሆነ ራውተሩ ከሞደሙ ምንም አልተቀበለም፤ ገመዱ ተበላሽቷል ወይም የግንኙነቱ ዓይነት በስህተት ተመርጧል። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ሞደሙም እንደ ራውተር እየሠራ ነው፤ ማለትም ሁለት ራውተር በተከታታይ አላችሁ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ አገልግሎት ሰጪው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። ይህ የመጨረሻው በኋላ ስለ ብሪጅ ስናወራ ስለሚያስፈልግ ያዙት።

አክሰስ ፖይንት፦ ለብዙው ቤት የሚበቃው

በዚህ አሠራር ሞደሙ መገናኘቱንም አድራሻ ማደሉንም እንደያዘ ይቀጥላል። አዲሱ ራውተር ገመዱ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ዋይፋይ ብቻ ያሰራጫል። ሁሉም ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ፕሪንተር በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለሚሆኑ እርስ በርስ ይተያያሉ። አገልግሎት ሰጪው ያስገባውን ሰቲንግ አትነኩም፤ ራውተሩ ቢበላሽ እንኳ የሞደሙ ዋይፋይ እንዳለ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም፦ ቤት ውስጥ ሰቲንግ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ቀን ቤተሰቡ ያለ ኢንተርኔት አይቀርም።

ብዙ ቲፒ-ሊንክና ቴንዳ ራውተሮች በሰቲንጋቸው ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ሞድ አላቸው። ካለ እሱን መርጦ ሴቭ ማድረግ ነው፤ ራውተሩ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ይነሳል። ሞዱ የሌለው አሮጌ ራውተር ግን በእጅ ይስተካከላል፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ራውተሩን ከሞደሙ ለይታችሁ ላፕቶፕ በላን ፖርቱ ላይ ብቻ ሰኩ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ሙሉ፤ ጥበቃው ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን። ከዚያ የራውተሩን የላን አድራሻ ከሞደሙ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን የተለየ አድርጉት፤ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩ 192.168.1.2 ይሁን። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ ብዙ ሞደሞች ከ2 ጀምረው እስከ 254 ድረስ ያለውን ቁጥር ለስልኮች ያድላሉ። ስለዚህ በሞደሙ ገጽ የእደላውን መነሻ 10 አድርጉት፤ ካልሆነ አንድ ቀን አንዱ ስልክ ያንኑ 192.168.1.2 ይወስድና ሁለቱ ይጋጫሉ። በአዲሱ አድራሻ ገጹን እንደገና ክፈቱና በመጨረሻ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ የማደል ሥራ አጥፉ። አሁን ከሞደሙ ላን ወደ ራውተሩ ላን ገመዱን ሰኩ። በቀለም የተለየው የዋን ፖርት ባዶውን ይቅር።

ጥፋት በብዛት የሚመጣው ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ሲቀር ነው። ሞደሙም ራውተሩም ያድላሉ፤ ስልኩ ቀድሞ የደረሰለትን ይቀበላል። ከሞደሙ የተቀበለው ይሠራል። ከራውተሩ የተቀበለው «በር» ብሎ የያዘው 192.168.1.2ን ስለሆነና የራውተሩ ዋን ባዶ ስለሆነ መውጫ የለውም። ዋይፋይ አጥፍቶ ሲያበራ ዕጣው ይቀየራል። «አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም» የሚባለው ብሶት ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸ ነው። ለማረጋገጥ በማይሠራው ስልክ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ «ጌትዌይ» የሚለውን መስመር አንብቡ፤ የሞደሙ አድራሻ ካልሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ኮምፒውተር ደግሞ ከማንም ምንም አልታደለውም፤ ገመዱን ወይም ዲኤችሲፒ በሞደሙም ላይ በስህተት መጥፋቱን ፈትሹ።

ሌላው አደጋ ሁለቱን መሣሪያዎች በሁለት ገመድ ማያያዝ ነው። ፍጥነት ይጨምራል ብሎ የሚያደርገው ሰው አለ። መረጃው በሁለቱ ገመዶች ላይ ማለቂያ በሌለው ዙር ይሽከረከራል፤ የላን መብራቶቹ ሁሉ አብረው በፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ኔትወርክም በአንዴ ይሞታል። አንዱን ገመድ ስትነቅሉ ወዲያው ይመለሳል።

ለሁለቱ ዋይፋይ አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ ስጡ፤ ስልኩ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ራሱ ይቀይራል። ቻናላቸው ግን ይለያይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ሞደሙ 1 ላይ ከሆነ ራውተሩን 11 ላይ አድርጉት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይም ከታችም ከጎንም የጎረቤት ዋይፋይ ስላለ 2.4 ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር መግዛት ዋጋ አለው። 5 ጊጋኸርዝ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ራውተሩ የሚጠቀሙበት ክፍል ውስጥ ወይም ቢበዛ ከአንድ ግድግዳ ማዶ ይሁን። ግድግዳውና ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ ቤት ካለ ከውጭ ዋይፋይ ለማስገባት አትድከሙ። ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ገመዱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ራውተሩን እዚያው ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ብሪጅ፦ ምክንያት ላለው ሰው

ብሪጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሞደሙ ምልክት መለወጥ ብቻ ይቀረዋል፤ የተጠቃሚ ስሙንና ፓስወርዱን ይዞ የሚገናኘውም አድራሻ የሚያድለውም የእናንተ ራውተር ይሆናል። ጥቅሙ ሙሉ ሥልጣን ነው፦ የየሰዉን ፍጥነት መገደብ፣ ቪፒኤን በራውተሩ ላይ ማሠራት፣ ሁለት መስመር ይዞ አንዱ ሲቋረጥ ወደ ሌላው መዞር፣ ቤት ውስጥ ያለን ካሜራ ወይም ሰርቨር ከውጭ መክፈት። ማይክሮቲክ የሚባለውን ራውተር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ይህን ነው። አሮጌው ሞደም በተገናኘው መሣሪያ ብዛት የሚታነቅ ከሆነም ብሪጅ ሸክሙን ያቀልለታል።

ግን ከውጭ ካሜራ ለማየት ብላችሁ ብቻ ወደ ብሪጅ አትሂዱ። ዋን ላይ የሚመጣው አድራሻ ያ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ከሆነ ብሪጅ አድርጋችሁም ከውጭ ወደ ቤታችሁ የሚገባ በር አይኖርም፤ በሩ ያለው አገልግሎት ሰጪው ጋ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ነው፣ ወይም በአምራቹ ክላውድ በኩል የሚሠራ ካሜራ መጠቀም ነው። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች በሁለተኛው መንገድ ስለሚሠሩ ብሪጅም ሆነ የውጭ አድራሻ አይጠይቁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር በእጃችሁ ይግባ። የፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የመገናኛ ዘዴ) የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ፣ የቪላን ቁጥሩ (በአንዱ መስመር ላይ የኢንተርኔቱን መረጃ ከሌላው የሚለየው ቁጥር)፣ እና የሞደሙ የአስተዳዳሪ መግቢያ። ሞደሙ ሥር የተለጠፈው መግቢያ ብዙ ጊዜ የዋይፋይ ስም ከመቀየር ያለፈ አይፈቅድም፤ ብሪጅ የሚደረግበት ገጽ የሚታየው ለአስተዳዳሪው ብቻ ነው። እሱ ከሌላችሁ አገልግሎት ሰጪው ራሱ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

የሞደሙን ሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ። ይህ ከዚህ መመሪያ ውስጥ ከምንም በላይ ሊያዝ የሚገባው ነው። ከሱቅ የተገዛ ራውተር ሪሴት ቢደረግ እንደገና ይሞላል፤ የፋይበር ሞደም ግን የተጠቃሚ ስሙን፣ ቪላኑን፣ አንዳንዱም ከማዕከሉ ጋር የሚመዘገብበትን ቁጥር ጭምር ይረሳል። ያኔ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ይቆያል። ሰቲንግ ከመቀየራችሁ በፊትም እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የሞላችሁት ካልሠራ መመለሻችሁ እሱ ነው።

አሠራሩ ራሱ አጭር ነው። በሞደሙ የዋን ገጽ የኢንተርኔቱን ግንኙነት ከ«ራውት» ወደ «ብሪጅ» ቀይሩ፣ ቪላኑን እንደነበረ ተዉት፣ ከላን 1 ጋር አስሩት። በዝርዝሩ ውስጥ ለድምፅ ስልክ ወይም ለቴሌቪዥን የተሠራ ሌላ መስመር ካለ አትንኩት፤ ከነካችሁት የቤቱ ስልክ ዝም ይላል። የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉ። ከላን 1 ወደ ራውተሩ ዋን ገመድ ሰኩ፤ በራውተሩ ላይ ፒፒፒኦኢ መርጣችሁ ስምና ፓስወርዱን ሙሉ። ኤምቲዩው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከው የመረጃ ጥቅል ትልቁ መጠን፣ 1492 ይሁን፤ ፒፒፒኦኢ ከ1500ው ላይ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። ይህ ቁጥር ሲሳሳት ምልክቱ ልዩ ነው፦ አንዳንድ ገጾች ይከፈታሉ፣ ሌሎቹ ግማሽ ድረስ ጭነው ይቆማሉ፣ ፒንጉ ግን እንከን የለውም።

አልገናኝ ካለ ራውተሩ የሚሰጠውን መልስ አንብቡ። ፓስወርድ ተሳስቷል የሚል ከሆነ፣ በዊንዶውስ 691 የሚባለው ማለት ነው፣ ፊደሉን ፈትሹ፤ ሒሳቡ ካልተከፈለም ተመሳሳይ መልስ ይመጣል። ምንም መልስ ሳይመጣ ሰዓቱ ካለቀ ደግሞ ጥያቄው ማዕከሉ አልደረሰም፤ ቪላኑ ወይም የገመዱ ፖርት ተሳስቷል። ብዙ ጊዜ አንድ የተጠቃሚ ስም በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ አይገባም፤ ስለዚህ ሞደሙ አሁንም በዚያው ስም ገብቶ ከሆነ ራውተሩ ይከለከላል። ሞደሙን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

አሜሪካ ውስጥ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የምትጠቀሙ ወገኖች ፒፒፒኦኢ አያጋጥማችሁም። የእናንተ ወጥመድ ሌላ ነው፦ የኬብል ሞደም መጀመሪያ ያየውን ራውተር አድራሻ ይዞ ይቀራል፤ አዲስ ራውተር ሲሰካ ኢንተርኔት አይሰጠውም። ራውተር በቀየራችሁ ቁጥር የሞደሙን ኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ መጀመሪያ ሞደሙን፣ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ራውተሩን አብሩ። ባትሪ ያለው ሞደም ከሆነ ባትሪውም ካልወጣ አይጠፋም።

ሁለት ራውተር በተከታታይ፦ ግቢ ለሚጋሩ

ራውተሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ከሞደሙ ላን ወደ ራውተሩ ዋን የሰካ ሰው ሳያውቀው የመረጠው ይህን ነው። ይሠራል። ለዩትዩብ፣ ለቴሌግራም፣ ለዙም ምንም ልዩነት አይታይበትም። የሚያስቸግረው ከሞደሙ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ከራውተሩ ወገን ያለውን ቴሌቪዥንና ፕሪንተር ማግኘት አለመቻሉ ነው፤ አንዳንድ የኦንላይን ጨዋታዎችም ያማርራሉ። ለጨዋታው በሞደሙ ገጽ «ዲኤምዜድ» በሚለው ውስጥ የራውተሩን የዋን አድራሻ መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሚከሽፈው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ ሲኖር ነው። ሞደሙም 192.168.1.1፣ ራውተሩም 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩ መረጃውን ወደ ውጭ ይስደድ ወደ ውስጥ መለየት ያቅተዋል። አንዳንድ ራውተሮች ይህን አይተው አድራሻቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ ያልቀየረውን እናንተ 192.168.5.1 አድርጉት።

ከተከራይ ጋር ለሚጋራ ግቢ ይህ አሠራር ከአክሰስ ፖይንት ይሻላል፤ ምክንያቱም አክሰስ ፖይንት ላይ የየሰዉን ፍጥነት የመገደብ ሥራ አብሮ ይጠፋል፣ ራውተር ሆኖ ሲሠራ ግን «ባንድዊድዝ ኮንትሮል» በሚለው ገጽ ለተከራዩ ከ20 ሜጋው 6 ሜጋ ብሎ መመደብ ይቻላል። ማን ከማን እንደሚጠበቅ ግን በደንብ ይታወቅ። ከውስጠኛው ራውተር ጀርባ ያለ ሰው ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ሞደሙ ኔትወርክ መድረስ ይችላል፤ የሞደሙ ወገን ግን ወደ ውስጠኛው መግባት አይችልም። ተከራዩ ከራውተሩ ጀርባ፣ እናንተ ከሞደሙ ላይ ከሆናችሁ የእናንተ ካሜራና ኮምፒውተር ለተከራዩ ክፍት ናቸው። ፍጥነት መገደብንም ከዓይን መጠበቅንም የሚፈልግ ሰው ሁለት ራውተር ይውሰድ፦ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለተከራይ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ገመድ ከሞደሙ ላን። የሞደሙ ዋይፋይ ይጥፋ፣ የሞደሙ ገጽ ፓስወርድም ይቀየር።

በሲም የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ላይ ሁለተኛ ራውተር የምትጨምሩ ከሆነ ብሪጅን አታስቡት። አክሰስ ፖይንት አድርጉትና የሲም ራውተሩን መስኮት አጠገብ አቁሙት።

ሪፒተርና ሜሽ

ሪፒተር ያለ ገመድ ዋይፋዩን ተቀብሎ ያስተላልፋል። በአንድ ሬዲዮ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዋይፋይ በሌለበት ክፍል ውስጥ የሚሰካ ሰው ብዙ ነው፤ እዚያ የሚቀበለው ስለሌለ የሚያስተላልፈውም የለም። ምልክቱ ገና -65 ዲቢኤም አካባቢ በሆነበት፣ በመሐል መንገድ ላይ ይሰካ። ሜሽ፣ ማለትም እርስ በርስ ተናበው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ የተሻለ ነው፤ በተለይ ጂ+1 ቤት ውስጥ። መሣሪያዎቹን ግን በገመድ ማያያዝ ከተቻለ ተራ አክሰስ ፖይንት በአነስተኛ ዋጋ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ገመዱና ኤሌክትሪኩ

በሞደሙና በራውተሩ መካከል ያለው ገመድ ካት5ኢ ወይም ካት6 ይሁን፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ይሄዳል። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ካልተጨመቀ ግንኙነቱ ከ1000 ወደ 100 ሜጋ ሊወርድ ይችላል፤ 100 ሜጋ የሚፈልገው አራት ሽቦ ብቻ ስለሆነ። ፓኬጃችሁ ከ100 በታች ከሆነ ልዩነቱ አይሰማችሁም፣ ራውተርም ስትገዙ ፖርቱ «10/100» ቢሆን ይበቃችኋል። ከ100 በላይ ለሚከፍል ሰው ግን ካርቶኑ ላይ «10/100/1000» ካልተጻፈ አይግዛ። ጫፍ የሚያስመታ ሰው በሁለቱም በኩል አንድ ቅደም ተከተል ይያዝ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ግቢውን አቋርጦ ወደ ሰርቪስ የሚሄደው ገመድ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ተራው ገመድ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል፣ ውኃም ይገባበታል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁለቱም ይነቀሉ። ሲመጣ መጀመሪያ ሞደሙን አብሩ፣ ፖን እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ራውተሩን። አዳፕተር ስትቀያይሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። 12 ቮልት 1.5 አምፒር ለሚፈልግ ሞደም 12 ቮልት 0.5 አምፒር ከሰጣችሁት ይበራል፣ መብራቶቹም ጤነኛ ይመስላሉ፤ ብዙ ስልክ ዋይፋዩን ሲጠቀም ግን ኃይል አንሶት ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ማታ ማታ ብቻ የሚቋረጥ ኢንተርኔት ካላችሁ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሚኒ ዩፒኤስ ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ እንዲህ ነው። 8,800 ሚሊ አምፒር አወር የሚለው ቁጥር በ3.7 ቮልት ባትሪ የተለካ ስለሆነ ወደ 32 ዋት አወር ይሆናል፤ ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ የሚባክነው ተቀንሶ 26 አካባቢ ይቀራል። ሞደሙ 8፣ ራውተሩ 6 ዋት ከወሰዱ ሁለቱን አብሮ ለሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ያቆያቸዋል። ሞደሙን ብቻ ከሰካችሁበት ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ አክሰስ ፖይንት የመረጠ ቤት ይህን ማድረግ ይችላል፣ ብሪጅ ያደረገ ግን ሁለቱንም ካላበራ ኢንተርኔት የለውም።